ስለ ድራፍት በርሜልና ስለ ጋዝ ሲሊንደሩ
(የተማሪዎች ማኅበር የመዝናኛ ንዑስ ኮሚቴ ለግብዣ አሳላፊዎች ያደረገው ንግግር)



የዓመቱ መዝጊያ የዳንስ ምሽት እየተቃረበ ስለ ሆነ፥ ድራፍቱን ማን ይገዛል፥ ማንስ ያመጣዋል የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ማን ይቀዳዋል የሚለው ግን እስካሁን ያልታሰበበት ጉዳይ ነው። በብዙ ግብዣ እንደምናየው ከበርሜሉ አጠገብ የሚቆመው ሰው በዕጣም በምርጫም የተሾመ ሳይሆን፥ ከሁሉ በፊት የጠማው ነው። እኛ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ይኸ ልማድ እንዲቀር ለመጠየቅና፥ ለአሳላፊነት የተመረጡት ስድስት ባልደረቦቻችን በእጃቸው ምን እንደሚይዙ ለማስረዳት ነው።

ድራፍት ከበርሜሉ በራሱ አይወጣም፤ የሚገፋው ከሲሊንደሩ የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይኸ ጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ ከመጨመቁ የተነሣ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ ግፊቱ 57 ባር ያህል ነው። የታክሲ ጎማ የሚነፋው በ2 ወይም በ2.5 ባር መሆኑን ብታስቡ የቁጥሩ ትልቅነት ይገባችኋል። በብረቱ በርሜል ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ3 ወይም ከ4 ባር በላይ እንዳይጫን ታትሞበታል፤ ለመቅዳት የምንፈልገውም 1 ባር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ በ57ና በ1 መካከል የቆመው ሬጉላቶር የሚባለው፥ ጡጫ የሚያህል የናስ ዕቃ ነው። «ሬጉላቶሩ ተበላሽቷል፤ ለዛሬ ብቻ ሲሊንደሩን በቀጥታ ከበርሜሉ ጋር እናገናኘው» የሚል ብልኅ ሰው በየግብዣው አይጠፋም። ከዚህ ንግግር ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ፥ ይኸን ሰው እምቢ ማለትን አትርሱ። ሬጉላቶር ከሌለ ድራፍት የለም፤ የጠርሙስ ቢራ ይገዛል።

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በአሜሪካ፥ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት፥ አንድ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ የፕላስቲክ በርሜል በታመቀ አየር ሲያጸዳ በርሜሉ ፈንድቶ ገድሎታል። ሟቹ እንግዳ ሰው አልነበረም፤ በርሜል የዕለት ሥራው ነበር። ስለዚህ ጋዝ ቢያልቅ ከጎማ ጠጋኝ ኮምፕሬሰር መዋስ፥ ከብየዳ ቤትም ኦክሲጅን ማምጣት አይታሰብም። ኦክሲጅን ከዘይትና ከቅባት ጋር ሲገናኝ እሳት ያስነሣል፤ ቢራውንም ያበላሻል። የሚመጣላችሁን ሲሊንደር ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትቀበሉ፤ የተጻፈበትን አንብቡ።

ሁለተኛው አደጋ ከፍንዳታ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታውም አያስጠነቅቅም። ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 ሊድስ ከተማ ከቢራ መጥመቂያ አጠገብ ይኖር ነበርና፥ ከሚፈላው ቢራ በላይ የተንጣለለው ይኸው ጋዝ እሳት እንደሚያጠፋ ተመልክቷል፤ ጋዙን በውሃ ውስጥ አሟሙቶ የሚጠጣ ውሃ ያዘጋጀውም ከዚያ ተነሥቶ ነው። በእኛም አገር በሐረርጌ እህሉን በጉድጓድ የሚያኖር ገበሬ፥ ጉድጓዱን ከፍቶ ሳያናፍስ ዘሎ አይገባም። ፕሪስትሊን ሳያነብ የሚያውቀው ነገር ነው። ሆኖም ሻማ ወይም ክብሪት አብርቶ መፈተን እንደማያስተማምን እወቁ፤ ነበልባሉ ገና ሳይጠፋ ሰው ሊወድቅ ይችላል።

አሁን ስሌቱን አብረን እንሥራ። በ2 ኪሎ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ በሙሉ ቢያፈተልክ፥ በአዲስ አበባ አየር ግፊት 1,450 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። አዳራሹ ሰፊ ስለ ሆነ ይኸ እዚያ ብዙም አያሠጋ። ነገር ግን ባለፉት ግብዣዎች በርሜሉ ይቀመጥ የነበረው ከመድረኩ ኋላ ባለችው ዕቃ ቤት ነው። ወለልዋ 3 ሜትር በ4፥ ከፍታዋ 2.5 ሜትር የሆነች ክፍል የምትይዘው አየር 30,000 ሊትር ነው፤ ጋዙ ከመቶ አምስት እጅ ሊጠጋ ነው ማለት ነው። ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ እንዲተነፍሰው የሚፈቀደው ከመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ሲሆን፥ አራት እጅ ሲደርስ ለሕይወት እንደሚያሠጋ ይቆጠራል፤ በአሥር እጅ ሰው ራሱን ይስታል። በ2011 በአሜሪካ፥ በጆርጂያ ግዛት፥ በፑለር ከተማ፥ በአንድ ምግብ ቤት ለለስላሳ መጠጥ የተዘረጋው የዚሁ ጋዝ ቱቦ አፈትልኮ በመጸዳጃ ክፍሉ የገባች አንዲት ሴት ሞታለች። ስለዚህ በዘንድሮው ምሽት በርሜሉም ሲሊንደሩም ከአዳራሹ በር ውጭ፥ በሰገነቱ ላይ ይሆናሉ። ብርዱን የሚፈራ አሳላፊ ካፖርት ይልበስ።

ራስ ምታት፥ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፥ ማዞር ከተሰማችሁ መጠጡ ነው ብላችሁ አትሣቁ፤ ወደ አየር ውጡ። ጓደኛችሁ በተዘጋ ክፍል ወድቆ ብታዩ ደግሞ፥ ለመሮጥ ልብ ቢነሣሣም፥ መጀመሪያ በርና መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ ይናፈስ፤ ሰውም ተጣርቶ እርዳታ ይምጣ። በደፈናው ዘሎ የሚገባ ሰው በወደቀው ላይ የሚጨመር ሁለተኛ ወዳቂ ነው። ሲሊንደሩ በመኪና ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ የታክሲ ውስጥ ከዕቃ ቤቷ በጣም ይጠባልና መስኮቱ ይከፈት፥ ሲሊንደሩም ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ተቆልፎበት አይዋል። ሙቀት ሲጨምር ግፊቱ በብርቱ ይወጣል።

ስለ አረፋው አንድ ነገር እንጨምር፤ ሬጉላቶሩን ያለ ቦታው የሚያስነካው እርሱ ነውና። ጃምቦው ግማሹ አረፋ ሲሆን ወረፋው ይንጫጫል፥ ቀጂውም ይደናገጥና ቪቱን አንዴ ወደ ቀኝ፥ አንዴ ወደ ግራ ያዞራል። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለ ሆነ፥ በቢራው ውስጥ ያለው ጋዝ እዚህ ቶሎ ይወጣል። በውጭ አገር መጽሐፍ «0.8 ባር» የሚለውን እኛ ሩብ ያህል ጨምረን ወደ 1 ባር ማድረጋችን ለዚሁ ነው። ግፊቱን መቀነስ አረፋውን ያብሰዋል እንጂ አያበርደውም። በአብዛኛው ጥፋቱ ከሬጉላቶሩ አይደለም፤ በርሜሉ ሞቆ ነው፥ ወይም በመንገድ ተንጦ ሳያርፍ ተከፍቶ ነው፥ ወይም ሩቢኔቶው በግማሽ ብቻ ተከፍቶ ነው። በርሜሉ ከቀትር በፊት ይድረስ፤ ቆሞ በበረዶ ውስጥ ይረፍ፤ ሩቢኔቶውም ሲከፈት ሙሉ በሙሉ ይከፈት።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከጠረጴዛው እግር ጋር በገመድ ይታሰራል፤ ቢተኛ ፈሳሹ ወደ ሬጉላቶሩ ይገባል፥ ቢወድቅም አንገቱ ሊሰበር ይችላል። የጎማው ቀለበት መኖሩን አይታችሁ ሬጉላቶሩን በእንግሊዝ መፍቻ አጥብቁ፤ ዘይት ወይም ቅባት አትቀቡት። የሬጉላቶሩን ቪት እስኪላላ ወደ ግራ መልሱ። ከዚያ በኋላ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ፥ ከመለኪያው ፊት ሳይሆን ከጐን ቆማችሁ፥ የሲሊንደሩን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ቪቱን ወደ ቀኝ በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ 1 ባር ላይ አቁሙ። የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ቀቡ፤ ከፊኛ ጋዝ ያፈተልካል። መጋጠሚያውን ከበርሜሉ ራስ ጋር የምታያይዙት ይኸ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሲያልቅም በመጀመሪያ ሲሊንደሩ ይዘጋ፥ ቀጥሎ የመጋጠሚያው እጀታ ይነሣ፥ በቱቦው የቀረውም ግፊት በማስተንፈሻው ይውጣ፤ መፍታት ከዚያ ወዲያ ነው። የበርሜሉን አንገት በመፍቻ ለመክፈት መሞከር ግን ባዶ ቢመስልም ፍጹም ክልክል ነው።

ከሲሊንደሩ በኩል ያለው መለኪያ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረ አይነግራችሁም። ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ ቁጥር ያሳያል፥ ከዚያ በድንገት ይወርዳል። ማወቅ የሚፈልግ በሚዛን ይመዝነው። ለ30 ሊትር በርሜል የሚበቃው 100 ግራም ገደማ ስለ ሆነ፥ 2 ኪሎው ለምሽታችን ይተርፋል።

አንዳንዶቻችሁ ባለ 16 ግራም ትንንሽ ጥይት የሚሠራውን የእጅ መሣሪያ እንድንገዛ አሳስባችኋል። ለ5 ሊትር በርሜል አንዱ ጥይት ገደማ ይበቃል፤ ለትልቁ በርሜል ግን ከሲሊንደሩ ይልቅ ውድ ነው። የሚገዛው ሰው ሦስት ነገር ይጠንቀቅ፤ ለክሬም መምቻ የሚሸጠው ጥይት ሌላ ጋዝ ነው፤ ጥይቱ ከመበሳቱ በፊት ሬጉላቶሩ ይዘጋ፤ ሳያልቅም አይፈታ፥ በረዶ እስኪይዘው ስለሚቀዘቅዝ የእጅን ቆዳ ያቃጥላልና።

የቀረው የሰው ጉዳይ ነው። በአባቶቻችን ግብር ላይ ከእንግዳው በፊት የሰከረ አሳላፊ የቤቱን ጌታ ያዋርድ ነበር። እኛም ስድስቱ አሳላፊዎች በተራቸው ጊዜ አንድ ጃምቦ እንኳ እንዳይቀምሱ፥ ለእያንዳንዳቸውም ከተራቸው በኋላ ሁለት ሁለት ጃምቦ እንዲቀመጥላቸው ወስነናል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ለሁለት ሰዓት ይቆማሉ፤ የሲሊንደሩን መክፈቻ ቁልፍ የሚይዘው አንዱ ብቻ ነው፥ ሲቀያየሩም እጅ በእጅ ያስረክባል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ ቢመጣ ቪቱን አይነካም።

አሁን ሲሊንደሩ፥ ሬጉላቶሩና አንድ ባዶ በርሜል ከዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ቀርበዋል፤ የሳሙናውም ውሃ በጣሳ አለ። መስኮቶቹ ይከፈቱና የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሳላፊዎች ወደ ፊት ይምጡ።