ያላየኸውን አገር እንዴት ትወደዋለህ?

(ለወጣቶች የውይይት መድረክ የቀረበ ንግግር)

እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ «ጉዞና ራስን ማሳደግ» ነው። አንድ ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ «ሥራ የሌለው ሰው ስለ ጉዞ ምን ያወራል?» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነው፤ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ኪሴም ያው እንደ ኪሳችሁ ነው። ግን ጉዞ ሲባል አውሮፕላንና ሆቴል ብቻ የሚታየን ከመቼ ወዲህ ነው?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። እስቲ ይቺን አባባል ወደ ራሳችን እናዙራት። ስለ አገር ቀኑን ሙሉ እንጽፋለን። ስለ አፋር፣ ስለ ቦረና፣ ስለ ጋምቤላ ኮሜንት ስር እንጋደላለን። ከመካከላችን ስንቱ ነው እዚያ አንድ ሌሊት ያደረ? የሰው ቤት ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከማያውቀው ቤተሰብ ጋር የበላ? ከተሞቹንም ብናውቅ የምናውቃቸው በመውጫነታቸው ነው፤ መተማን በሊቢያ መንገድ፣ ሞያሌን በደቡብ አፍሪካ መንገድ። የሚሄደውን አልወቅስም፣ ምን አማራጭ ሰጠነውና! ብቻ ወደ ውጭ የሚወስደውን መንገድ ከነደላላው እየቆጠርን፣ ወደ ውስጥ የሚወስደውን አለማወቃችን ይገርመኛል።

ጉዞ ሰውን የሚያሳድገው ብዙ ስለሚያሳየው አይመስለኝም። ማሳየትማ ስልክም ያሳያል። የሚያሳድገው እንግዳ ስለሚያደርገው ነው። ሰፈርህ ውስጥ የእከሌ ልጅ ነህ፣ ምሩቅ ነህ፣ ተከራካሪ ነህ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ራቅ ስትል ይሄ ሁሉ ይቀራል። መንገድ ትጠይቃለህ። ቋንቋው ሲያቅትህ በእጅህ ታወራለህ። የቀረበልህን ትበላለህ። አፍህ ያርፍና ጆሮህ ይከፈታል።

ይሄ ነገር ቀድሞ የገባው የአገራችን የቆየው ትምህርት ነው። የቆሎ ተማሪን አስቡት። ልጅ ነው፤ አንዳንዱም ከእናት ከአባቱ ተደብቆ የወጣ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መመከቻ ዱላውን ይዞ በእግሩ ይሄዳል። ትምህርቱ ራሱ አንድ ቦታ አያስቀምጠውም። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ይሄዳል፤ ሦስቱም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት፣ ቤተልሔም ይወርዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ፣ አቋቋም ከሆነ ጎንደር። ሊቅ መሆን የፈለገ አገር ማቋረጥ ግዴታው ነበር።

በየደረሰበት ጎጆ ይቀልሳል፣ ሲመሽ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የባለጠጋ ልጅም እንደ ድሃው ልጅ ይለምናል እኮ! ለምን? ትዕቢቱን ደጃፍ ላይ እንዲጥል ነዋ። የማታውቀው ሴት ከልጆቿ ቀንሳ እንጀራ ያጎረሰችህን ቀበሌ በኋላ ትልቅ ሰው ስትሆን ልትንቀው አትችልም። ውሻ የነከሰህንም ቀበሌ አትረሳውም፣ እሱም ትምህርት ነው። በእስልምናውም ደረሳው ለቂርአት እንዲሁ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ዳናና ጌታ የመሳሰሉት ቦታዎች ከሩቅ በመጣ ተማሪ የሚሞሉ፣ ተማሪውንም የአካባቢው ሰው የሚያበላው ነበር።

ዘመናዊውም ትምህርት ሞክሮታል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፣ አብዛኛውም ያስተምር ነበር። በ1967 ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። ሁሉም በፈቃዱ አልሄደም፣ መከራውም ብዙ ነበር። ግን የዚያን ትውልድ ሰው አግኝታችሁ የዘመተበትን ወረዳ ጠይቁት፤ የመንደሩን ስም እስካሁን ይነግራችኋል።

ወደ እኔ ልምጣ። የደጋ ልጅ ነኝ፤ ምደባ አርባ ምንጭ ጣለኝ። አንድ ቅዳሜ የዶርም ጓደኛዬ ዶርዜ፣ ቤተሰቦቹ ጋ ይዞኝ ወጣ። ቤታቸው ከቀርከሃ የተሠራ፣ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተደፍቶ የቆመ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡታል፤ ስለዚህ ቤቱ እያረጀ ሲሄድ ያጥራል፣ ዕድሜውን ከቁመቱ ታነባለህ። ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ቆጮ በላን። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ለጥምቀትና ለአድዋ በዓል ለብሰን ፕሮፋይል የምናደርገው፣ ከሽሮ ሜዳ የምንገዛው ጥበብ ብዙው የነዚህ ሰዎች እጅ ሥራ ነው። ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መሳደብ አጼ ምኒልክ በአዋጅ እስኪከለክሉት ድረስ የተለመደ ነበር፤ ከአዋጁም በኋላ ከአፋችን ቶሎ አልጠፋም። የጓደኛዬ አባት መወርወሪያውን ሲያመላልሱ አጠገባቸው ግማሽ ቀን ተቀምጬ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ስድብ የሚናገር ሰው ጋር አብሬ መሳቅ አልሆነልኝም።

መስከረም 2011 ላይ ደግሞ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ተቆጥቶ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሱት። ፎቶው በየገጹ ዞረ፣ ሁላችንም ላይክ አደረግን። ግን አስቡት፤ ሣሩ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ወጣት እዚያ ቢኖር ይቆም ነበር? ያ ወጣት የቆመው ስለሚያውቅ ነው። እኛስ የስንቱን ሕዝብ ሣር እናውቃለን?

«እሺ፣ ብሩ የት አለ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ፣ ሩቅ አትጀምሩ። የጎረቤት ወረዳ የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ አጣሩና በእግር ሂዱ። ሁለተኛ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰውና ሾፌሮችን ሳትጠይቁ አትነሱ፤ ዛሬ ሰው የማይሄድበት መንገድ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፣ ጀግንነት አይደለም። እህቶቼ፣ የእናንተ ነገር ከእኛ ይከብዳል። ቤተሰብ አይፈቅድም፣ መናኸሪያ ላይ የሚያስቸግረው ብዙ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ፣ የምታርፉበትን ቤት ቀድማችሁ አውቃችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ወንዶች ደግሞ መናኸሪያ ላይ አስቸጋሪው ከእኛው ወገን መሆኑን እንመን።

ማረፊያውን በተመለከተ፣ እኛ ሥራ አጥ ምሩቃን አንድ ሀብት አለን። መንግሥት ከየአቅጣጫው ሰብስቦ አንድ ዶርም ውስጥ አሳድሮን ነበር። የኔ ዶርም ውስጥ ብቻ ከአምስት ዞን የመጣን ልጆች ነበርን። የሁሉም ስልክ አለኝ፣ እናንተም አላችሁ። ሦስት ዓመት አራት ዓመት አብሮህ ያደረ ልጅ አገሩን ሳታይለት መለያየት ምን ይባላል?

ስለዚህ ዛሬ ማታ ፌስቡክ ከመክፈትህ በፊት ለአንዱ ደውል። መስከረም ሲጠባ፣ ጭቃው ሲደርቅ መምጣት እንደምትፈልግ ንገረው። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስለሚነሳ ቲኬቱን ዋዜማውን ቁረጥ። ባዶ እጅህን ደግሞ እንዳትሄድ፤ አንድ ኪሎ ቡና፣ ካልሆነ ስኳር ያዝ። ለእናቱ ስትሰጥ የምታመሰግንበትን ቃል በቋንቋቸው ከልጅዋ ቀድመህ ተማር። መጀመሪያ ብትሳሳትም ይስቁልሃል እንጂ አይቆጡህም።