ልጆችን በቤት ስለ ማስተማር

በሰበካችን የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል አንዲት እናት ያደረገችው ንግግር



ይህ ቤተ ክርስቲያን በቨርጂኒያ የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት በምናከብርበት ቀን፥ ልጆቼን በቤቴ ስለማስተምርበት ኑሮ ጥቂት ቃል እንድናገር በመታዘዜ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ነገር ግን የቆምሁት ስለ ራሴ ብልኃት ለመናገር አይደለም። የምነግራችሁ ስለ አንድ ስሕተቴ፥ ያም ስሕተት በማን እጅ እንደ ተገለጠ ነው። ነገሩ አንደኛውን ልጄን የሚነካ ስለ ሆነ አስቀድሜ አስፈቅጄዋለሁ፤ እርሱም «ንገሪያቸው፥ ግን አታስረዝሚው» ብሎ ፈቅዶልኛል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ መዘጋታቸውን ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ታላቂቱ ልጄ 7 ዓመቷ ነበር። ሁለተኛው ወንድሟ ወደ 5 ዓመት ይጠጋ ነበር፤ ሦስተኛይቱ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ነበረች። በሚመጣውም ዓመት አራተኛው ተወለደ። እኔ በአገሬ ሳለሁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁና፥ «የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ የራሴን ማስተማር እንዴት ያቅተኛል» ብዬ ለባለቤቴ ነገርሁት። እርሱም ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቤታችንን የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ከቻልሽ መልካም ነው፤ ካልቻልሽ ግን እንዳትደብቂኝ» ሲል ፈቀደ። ይህን ቃሉን በኋላ አስታውሰዋለሁ።

በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በ50ዎቹም ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ሥርዐቱ ግን በየግዛቱ ይለያያል። በቨርጂኒያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ፥ ይኸውም እስከ ነሐሴ 9 ቀን፥ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዐይነቶች ዘርዝሮ ለአካባቢው የትምህርት ኀላፊ በጽሑፍ ያስታውቃል። ዓመቱ ሲፈጸም ደግሞ እስከ ኦገስት 1፥ ማለት እስከ ሐምሌ 25 ቀን፥ ልጁ ለመማሩ ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃው ፈተና የሆነ እንደ ሆነ፥ ልጁ ከ1 እስከ 9 በተከፈለው መለኪያ 4ኛውን ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ማግኘት አለበት። ሴፕቴምበር ሲፈጸም 6 ዓመት ያልሞላው ልጅ ግን ማስረጃ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ለሁለተኛው ልጄ የመጀመሪያው ዓመት ያለ ፈተና አለፈ።

እንግዲህ ሳምንታችን ምን ይመስል እንደ ነበረ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ በአገር ቤት የለመድሁትን ሥርዐት በሳሎኔ ውስጥ ለመትከል ሞከርሁ። ደወል ገዛሁ፤ በየ40 ደቂቃው ደወልሁ፤ መዝገብ አውጥቼ ሦስት ልጆች ብቻ ባሉበት ቤት ስም ጠራሁ። ይህ ሥርዐት ሦስት ሳምንት አልቈየም። ባለቤቴ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጧት ይተኛልና፥ ደወሉ በመጀመሪያ የቀሰቀሰው እርሱን ነው። ከዚያ በኋላ በመኝታ ቤቱ በር ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ልጆቼም በሹክሹክታ መማር ለመዱ። ዛሬ ሰዎች «ልጆችሽ እንዴት ጨዋዎች ናቸው፥ ድምፃቸው አይሰማም» ሲሉኝ ምክንያቱን ስለማውቅ እስቃለሁ።

ቀስ በቀስ ግን ሳምንቱ የራሱን መልክ ያዘ። በየማለዳው አማቴ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ልጆቹ ከአጠገባቸው ይቀመጣሉ። የሰኞው ከማክሰኞው፥ የማክሰኞውም ከረቡዑ የተለየ ስለ ሆነ፥ ሦስተኛይቱ ልጄ የቀኖችን ስም በቅደም ተከተል ያወቀችው በዚሁ ነው። ሰኞ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ንባብ ቀን ነበረ። ማክሰኞ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንሄዳለን፤ መጽሐፍ ያለ ዋጋ ስለሚያውሱን የምንመለሰው ትልቅ ቦርሳ ሞልተን ነው። ረቡዕ የአማርኛ ነው፤ ልጆቹ በአገር ቤት ላሉት አያታቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ መጻፍ የማይችለው ይሥላል። ሐሙስ እንጀራ እጋግራለሁ፤ በዚያም ቀን ሒሳባችን ወጥ ቤት ነው። ግማሽና ሩብ ምን እንደ ሆነ በዱቄት መስፈሪያ ተማሩ፤ ቡሆው ኩፍ እስኪል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጽፈው ያዙ። ታላቂቱ ደግሞ የእኛን ቀን መቍጠሪያ ከፈረንጆቹ ጋር ታስማማለች፤ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ 8 ዓመት መቀነስ እንዳለበት የደረሰችበት ራሷ ናት። ዓርብ ማታ ባለቤቴ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት የሳምንቱን ደብተር ይመለከታል። በየወሩም አንድ ቀን ወደ ዋሽንግተን ተሻግረን መግቢያው ነጻ የሆነውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እናያለን፤ ልጆቹ በአዳራሹ መካከል ለቆመው ለትልቁ ዝሆን ሰላምታ ሳይሰጡ አያልፉም። ቅዳሜ ልብስ ይታጠባል፤ እሑድ ከእናንተ ጋር ነን።

ይህን የሰማ ሰው «መልካም ኑሮ ነው» ይል ይሆናል። እውነትም መልካም ነበረ። ነገር ግን የማልናገረው ድካም ነበረብኝ። ሕፃኑ ሲያለቅስ የአንዱን ጥያቄ ለነገ አሳድራለሁ፤ ወጡ ሊያርር ሲል ንባቡን ከወጥ ቤት ሆኜ በጆሮዬ ብቻ እሰማለሁ። ስሕተቴም የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በልደት በዓል ማግስት፥ ሁለተኛው ልጄ በዚህ አዳራሽ በፊታችሁ ቆሞ ከመጽሐፍ በእንግሊዝኛ እንዳነበበ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እናንተም እልል አላችሁለት፤ «ትምህርት ቤት ሳይገባ እንዲህ አነበበ» ብላችሁ እኔን አመሰገናችሁ። እኔም ያን ምስጋና እንደ ጌጥ ለብሼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

በዚያው ዓመት ክረምት ልጁ ተፈተነ። በመለኪያው ያገኘው 2ኛውን ደረጃ ነው። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከትምህርት ኀላፊው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ፤ ጕድለቱን የምናስተካክልበትን ዕቅድ አቅርበን ለአንድ ዓመት በሙከራ እንድንቆይ የሚያዝ ነበረ። እኔ ግን ደብዳቤውን ከገበታ ጨርቆች በታች ደበቅሁት። ለባለቤቴ አልነገርሁትም። ለራሴ «ፈተናው ነው የተሳሳተው፤ ልጄ ሲያነብ አገር ሁሉ ሰምቷል» አልሁ። ልጁንም ሰነፍ እያልሁ እገሥጸው፥ ሲሳሳትም እቈጣው ጀመር። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ነገር ግን ካልተናገርሁት ንግግሬ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አንድ ሰኞ ጧት በወጥ ቤት ሳለሁ ልጁ ከአማቴ ጋር ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ሲያነብ እሰማለሁ። አማቴ የእንግሊዝኛ ፊደል አያውቁም። መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ያስነብቡት ነበር። እኔም አንድ ቃል ሳይደነቃቀፍ ሲወጣው ሰምቼ ደስ ብሎኝ ብቅ ብል፥ አማቴ መጽሐፉን የያዙት ገልብጠው ነው። የሥዕሉ ቤት ጣራው ወደ ታች፥ የሥዕሉ ዛፍ ሥሩ ወደ ላይ ነበረ። ልጁ ግን ከተገለበጠው ገጽ ላይ ሳያቋርጥ ያነብ ነበር። እኅቱ ስታነብ እየሰማ መጽሐፎቹን ሁሉ በቃሉ ይዟቸው ኖሯል።

ማማሰያውን እንደ ያዝሁ ቆምሁ። አማቴም አይተውኝ መጽሐፉን አዩ፤ ነገሩም ገባቸው። አልተቈጡትም። «ልጄ፥ ይህን ሁሉ በቃልህ ከያዝህ አንተ ሰነፍ አይደለህም» አሉት። እርሱም አቀርቅሮ፥ «እማዬ ደስ እንዲላት ነው» አለ።

ወገኖቼ፥ እኔ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ። አባቴ የፊደል መምህር ነበሩ። እናንተም እንደምታውቁት ሕፃን ሀ ሁ ሂን እየዘመረ ገበታውን በቃሉ ይይዘዋል፤ ዐይኑ ፊደሉን ሳያውቀው አፉ ብቻ ሊያውቀው ይችላል። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ከዚያ ቀጥለው አቡጊዳን ያስተምራሉ። አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ እያለ ሲሄድ የለመደው ተራ ስለሚፈርስ፥ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። አባቴም በስንደዶ አንድ ጊዜ ከላይ፥ አንድ ጊዜ ከታች፥ አንድ ጊዜ ከዳር እየጠቈሙ ይጠይቁኝ ነበር። እኔ ግን ለልጄ አቡጊዳ አልሠራሁለትም። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ እንዲጀምር አደረግሁት፤ እርሱም ዘመረልኝ።

በዚያን ቀን ማታ ደብዳቤውን ከጨርቆቹ ሥር አውጥቼ ለባለቤቴ ሰጠሁት። ካነበበ በኋላ ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያም «ልጁን እንርዳው» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልተናገረኝም። በዚያች ሌሊት ሥራ አልገባም።

ከዚያ በኋላ ልጁን የንባብ ችግር ለሚመረምር ባለሙያ አሳየነው። ዲስሌክሲያ የሚባለው ችግር እንዳለበት ተነገረን። ይህም ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘትን የሚያከብድ ነገር ነው እንጂ የስንፍና ወይም የአእምሮ ማነስ ምልክት አይደለም። መድኀኒት የሚዋጥለት በሽታም አይደለም፤ የሚረዳው ድምፅን ከፊደል ጋር አንድ በአንድ፥ በተራና በትዕግሥት ማስተማር ነው። ስለዚህ ሳምንታችንን እንደ ገና ሠራነው። በየቀኑ 20 ደቂቃ፥ ወጥ ሳይጣድ፥ ሕፃኑን አማቴ ይዘውልኝ፥ እኔና እርሱ ብቻ እንቀመጣለን። በትሪ ላይ የጤፍ ዱቄት ነስንሰን ፊደሉን በጣቱ ይጽፋል፤ ሲጽፍ ድምፁን ያሰማል፤ ከዚያ ዱቄቱን ነቅነቅ አድርጎ ያጠፋዋል። ቃላትንም በወረቀት ቈራርጬ እያደባለቅሁ እጠይቀዋለሁ፤ ይህ የእኛ አቡጊዳ ነው።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገርም ሆነ። ልጁ ከእንግሊዝኛው አስቀድሞ በአማርኛ ማንበብ ቻለ። በእንግሊዝኛ አንዱ ፊደል በየቃሉ ሌላ ሌላ ድምፅ ይሰጣል፤ በእኛ ገበታ ግን «ቡ» በየትም ቦታ ቢገኝ «ቡ» ነው። ከዚያ ያገኘው ድፍረት ለእንግሊዝኛውም ረዳው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እንደ ገና ተፈትኖ 4ኛውን ደረጃ አገኘ። ከዚያ አንድ ደረጃ ቢያንስ ኖሮ አይበቃም ነበር። ዛሬም ቀስ ብሎ ነው የሚያነብ፤ ነገር ግን የሚያነበው ዐይኑ ነው።

ታላቂቱ ልጄ ደግሞ ባለፈው ዓመት «እኔ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ፤ ጓደኞች ያስፈልጉኛል» አለችን። አዘንሁ፤ ነገር ግን ከለከልኋት አልልም። አሁን በየጧቱ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ዓርብ ማታ ደብተሯን ከወንድሞቿና ከእኅቷ ጋር ለአባቷ ታቀርባለች።

ከዚህ ሁሉ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው። ልጅን በቤት የሚያስተምር ሰው የሚያየው ሌላ ዐይን ያስፈልገዋል። በትምህርት ቤት አንዱ አስተማሪ ያላየውን ሌላው ያየዋል፤ በቤት ግን አስተማሪይቱም፥ ፈታኝዋም፥ የምትደሰተውም እናትም አንዲት ሴት ናት፤ ልጁም እርሷን ማስደሰት ይወዳል። እኔ የመንግሥትን ፈተና እንደ ጠላት ቈጥሬው ነበር፤ ነገር ግን የልጄን ጭንቀት በመጀመሪያ የነገረኝ እርሱ ነው። አማቴም አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ሳያውቁ እኔ በሁለት ዓመት ያላየሁትን ገለጡልኝ።

ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ ቀን በትሕትና የምለምነው አለኝ። ይህ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶውን ይውላል። ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ጥቂት ቤተ ሰቦች በሳምንት አንድ ጧት፥ ረቡዕ ቢሆን መልካም ነው፥ በዚህ እንድንሰበሰብ ይፈቀድልን። የእኔን ልጅ ሌላይቱ እናት ታስነብበው፤ የእርሷን እኔ ላስነብብ። ከሽማግሌዎቻችንም ጊዜ ያላቸው መጥተው ይስሙን፤ ማንበብ የማይችሉም ቢሆኑ ይምጡ። እልልታችሁንም ለልጆቻችን አትንፈጓቸው፤ ነገር ግን እልል ከማለታችሁ በፊት መጽሐፉን አንድ ጊዜ ገልብጡት።

ያስተማሩንን አባቶች ነፍስ ይማርልን፤ ይህን ቤት የመሠረቱትን ዕድሜ ይስጥልን፤ ልጆቻችንን ያሳድግልን።