ስለ ሰስፔንሽን ጎሚኒ አገጣጠም



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጠኑ ትንሽ፣ በዋጋውም ርካሽ የሆነ ዕቃን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም የመኪና ብራቾ ከሻንሲ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ የሚገባው የላስቲክ ጎሚኒ ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራችውን ኤም ጂ ቢ የተባለች የስፖርት መኪና ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች መለዋወጫዋ ዛሬም አልጠፋም፤ አሠራሯም ያልተወሳሰበ ስለሆነ ለማስተማሪያ ትመቻለች።

ብዙ ባለሙያ ጎሚኒን እንደ ኩሽኔታ ይቆጥረዋል። ኩሽኔታ ግን ሊሽከረከር የተሠራ ሲሆን የላስቲክ ጎሚኒ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። የውስጥ ቱቦው በዳዶ ታስሮ ከዘንጉ ጋር አንድ ይሆናል፤ የውጭው ገጽ በብራቾው ዓይን ውስጥ ተጨናንቆ ይያዛል። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ በወጣ ቁጥር በመካከል ያለው ላስቲክ ይጠመዘዝና ተመልሶ ይፈታል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባን ላስቲኩ ሳይጠመዘዝ የሚያርፈው በየትኛው ከፍታ ላይ ነው የሚለውን ነው። መኪናይቱ በክሪክ ተነሥታ፣ ብራቾው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ከጠበቀ፣ የላስቲኩ ማረፊያ ያ የተንጠለጠለበት ቦታ ይሆናል። መኪናይቱ መሬት በነካች ጊዜ ላስቲኩ ገና ከጋራዥ ሳይወጣ ተጠምዝዟል፤ ቆማ ስታድርም እንደ ተጠመዘዘ ያድራል። ከዚህ ላይ የመንገዱ ንቅናቄ ሲጨመር ላስቲኩ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ከብረቱም ይላቀቃል። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ዕቃው ውሸት ነው ይላል፤ እኛም አንገታችንን እየነቀነቅን እንስማማለን። ዕቃው ግን ንጹሕ ነው፤ የተከፈለንም ለሙያችን ነበር።

ስለ አፈታቱ ስንነጋገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የሰው ሕይወት ነው። በኤም ጂ ቢ የፊት ሞላው ተጨምቆ የተቀመጠው በመስቀለኛው ተሸካሚ ብረትና በታችኛው የሞላ ሳሕን መካከል ሲሆን፣ የላይኛው ብራቾ ደግሞ የአሞርታዛተሩ ክንድ ራሱ ነው። ስለዚህ ሳሕኑን ከሥሩ በጠንካራ ክሪክ ሳይደግፍ የላይኛውን መጋጠሚያ ብሎን የሚያወጣ ሰው የታመቀ ኃይልን በፊቱ ለቀቀ ማለት ነው። ሻንሲው በቋሚ ድጋፍ ላይ ይረፍ፤ ክሪኩ ከሳሕኑ ሥር ይግባ፤ ብሎኑ ከወጣ በኋላ ክሪኩ ቀስ እየተባለ ይውረድ፤ ሠራተኛውም ከሞላው መስመር ወደ ጎን ይቁም።

አሮጌውን ጎሚኒ በእሳት አቃጥሎ የማውጣት ልማድ ቢቀር እወዳለሁ፤ ጭሱ መርዛም ነው። የተለመደው የኤም ጂ ቢ የታችኛ ብራቾ ጎሚኒ ከሁለት ወገን የሚገባ ሁለት ቁራጭ ላስቲክ ስለሆነ ያለ ብዙ ትግል ይወጣል። ከ1973 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ለተሠራችው ባለ ስምንት ሲሊንደር ጂ ቲ የተበጀው ጎሚኒ ግን ባለ አንድ ወጥና የውስጥ የብረት ቱቦ ያለው ነው። በተራዋ ኤም ጂ ቢ ብራቾም ይገባል፤ ለመንገድ መኪና እኔ ከሁሉ የምመርጠው እርሱን ነው። የብራቾው ዓይን ከዝገት ከጸዳ በኋላ ጎሚኒው በሳሙና ውሃ ረጥቦ በሞርሳ እየተገፋ ይግባ። ዘይትና ግራሶ የተፈጥሮ ላስቲክን ስለሚያሳብጡ ከቶ አይቀቡ። እንደ ኋላው ባሌስትራ የፊት ዓይን ጎሚኒ የውጭ ብረት ያለው ሲሆን፣ ግፊቱ ማረፍ ያለበት በውጭው ብረት ላይ ብቻ ነው፤ ውስጡን የገፋ ላስቲኩን ይገነጥላል።

ቀለሙ የደመቀው ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ በአሁኑ ጊዜ ብዙ ወዳጅ አግኝቷል። ለውድድር መኪና አልቃወመውም፤ መሪውን ፈጣን ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ የሚሠራ ስለሆነ የሲሊኮን ግራሶ ይሻል፤ ግራሶው ሲያልቅ ይጮኻል፤ የመንገዱንም ንዝረት ወደ አካሉ ያሳልፋል። ጥንካሬን ከጥራት ጋር አንድ አድርጎ ለደንበኛ መንገር ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማጥበቁ እንመለስ። ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ተይዘው ጎማዎቹ ይታሰሩ፤ መኪናይቱ ወደ መሬት ትውረድ፤ ጥቂት ጊዜ ወደ ታች እየተገፋችና ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰች ትረፍ። የመጨረሻው ማጥበቅ ከዚህ በኋላ ነው። የዳዶው ጥርስ ከመቆለፊያ ፒኑ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ወደሚቀጥለው ጥርስ ይጠብቃል እንጂ ወደኋላ አይላላም። በዚች መኪና ላይ ሊስተካከል የሚችለው የፊት ጎማዎች አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ እርሱ ይለካ።

ከ1974 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ የተሠሩት ባለ ላስቲክ መከላከያ ኤም ጂ ቢዎች የአሜሪካን ደንብ ለማሟላት ወደ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ተደርገዋል። ባለቤቶቻቸው ብዙውን ጊዜ መልሰው ዝቅ ያደርጓቸዋል፤ እንዲህ ያለች መኪና ስትመጣልን፣ ጎሚኒዎቿ አዲስ ቢሆኑ እንኳ፣ ዳዶዎቹን አላልቶ በአዲሱ ከፍታዋ ላይ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።