በሰርቨር ላይ የሚሣሉ ምስሎች ሲበላሹ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። በፒኤችፒ የጻፈው ስክሪፕት የየወሩን የዝናብ መጠን ከመረጃ ቋት እያነበበ፣ ጂዲ በተባለው የሥዕል ላይብረሪ አማካይነት ግራፍ ይሥላል። በብሮውዘሩ ላይ የሚታየው ግን የተሰበረ ምስል ምልክት ብቻ ነበር። ሥራ ተደራርቦብኝ ስለ ነበር፣ የስህተት መልእክቶችን የሚያሳየውን ቅንብር እንዲያጠፋ ነገርኩት። ግራፉ ወዲያው ታየ፤ ተማሪውም አመስግኖኝ ሄደ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ያ ምክር ምን እንዳስከተለ ለመናገር ነው።

ተራ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ሲሳሳት መልእክቱ ከጽሑፉ ጋር ተደባልቆ ይወጣል፤ ተመልካቹም ያየዋል። ምስል የሚያዘጋጅ ስክሪፕት ግን አስቀድሞ በሄደሩ «የምልከው ምስል ነው» ብሎ ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ከምስሉ ፊት ከወጣች፣ ብሮውዘሩ እርሷንም እንደ ምስል ሊፈታት ይሞክራል፤ ሲያቅተውም ምክንያቱን ሳይነግረን የተሰበረውን ምልክት ያሳየናል። ስህተቱን የሚናገረው ጽሑፍ እዚያው ውስጥ አለ፤ የምናነብበት መንገድ ግን ተዘግቷል።

ስለዚህ ምስሉን ማየት ትተን ባይቶቹን እናንብብ። የምስሉን አድራሻ ከገጹ ለይተን በከርል ወደ ፋይል እንቀበለው፤ ወይም ሄደሩን የሚልከውን መስመር ለጊዜው አንሥተን በብሮውዘሩ እንክፈተው። ትክክለኛ የፒኤንጂ ፋይል ሁልጊዜ በእነዚህ ስምንት ባይቶች ይጀምራል፦ 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10። እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። 137 ከ127 በላይ ስለ ሆነ፣ በሰባት ቢት ብቻ የሚያስተላልፍ መሥመር ያበላሸዋል፤ 13 እና 10 ደግሞ የመስመር መጨረሻዎችን የሚቀይር ፕሮግራም በፋይሉ ውስጥ አልፎ እንደ ሆነ ያጋልጣሉ። ቅርጸቱን የነደፉት ሰዎች የምርመራ መሣሪያውን በፋይሉ ግንባር ላይ አስቀምጠውልናል ማለት ነው።

በ137 ፋንታ 10 ወይም 32 ካገኘን፣ ከፒኤችፒ መክፈቻ ምልክት በፊት ባዶ መስመር ወይም ባዶ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው በዋናው ስክሪፕት ሳይሆን እርሱ በሚጠራው ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ከፊት 60 ካገኘን ያ የማዕዘን ቅንፍ ነው፤ የስህተት መልእክት በኤችቲኤምኤል ተጽፎ መጥቷል። ምንም ባይት ካልመጣ የሰርቨሩን የስህተት መዝገብ መክፈት ይገባል። ምናልባት ጂዲ አልተጫነ ይሆናል፤ ወይም ማህደረ ትውስታው አልበቃ ይሆናል። በዲስክ ላይ ጥቂት ሜጋባይት የሆነ 6000 በ4000 ፒክስል ፎቶግራፍ፣ በጂዲ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ፒክስል አራት ባይት ስለሚይዝ ወደ 96 ሚሊዮን ባይት ይደርሳል።

239፣ 187፣ 191 ከመጣ ግን ነገሩ እኛን በተለይ ይነካል። እነዚህ ሦስት ባይቶች አንዳንድ ጽሑፍ አርታኢዎች በዩቲኤፍ 8 ፋይል መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጡት የማይታይ ምልክት ናቸው። የዊንዶውስ ኖትፓድ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ዩቲኤፍ 8 ሲመረጥ ይህን ምልክት ሳይጠይቅ ይጨምር ነበር። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ዩቲኤፍ 8ን መምረጥ አያስፈልገውም ነበር፤ አንዲት የአማርኛ ቃል በስክሪፕቱ ውስጥ የጻፈ ግን የግድ መምረጥ ነበረበት። ምስሉም በማይታይ ፊደል ይሰበርበታል፤ ኮዱን መቶ ጊዜ ቢያነበው አያገኘውም።

ሌላው የእኛ ችግር ምስሉ ሳይሰበር ፊደሉ አለመታየቱ ነው። የጂዲ አብሮ ገነብ ፎንቶች ግዕዝን አያውቁም። በትሩታይፕ ፎንት የሚጽፈውን ፈንክሽን መጠቀም፣ እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት በሰርቨሩ ላይ ማስቀመጥ፣ ሙሉ አድራሻውንም መስጠት ያስፈልጋል። ደግነቱ የግዕዝ ፊደላት እንደ ዓረብኛ እንደ ጎረቤታቸው ቅርጻቸውን አይለውጡም፤ ፎንቱ ከተገኘ የቀረው ሥራ ቀላል ነው።

ወደ ተማሪው ልመለስ። ሥራው ለግምገማ ሲቀርብ አንድ መምህር በአንድ የደጋ ጣቢያ የነሐሴ ዝናብ ዜሮ መሆኑን አይተው «በዚያ ዓመት ክረምቱ የት ሄዶ ነበር?» ብለው ጠየቁት። መልሱ እኔ ባስጠፋሁት መልእክት ውስጥ ነበር። ለዚያ ወር የተመዘገበ ቁጥር አልነበረም። ፒኤችፒ የሌለ ቁልፍ ሲጠየቅ ማስጠንቀቂያ ያወጣና ባዶ ዋጋ ይመልሳል፤ ባዶው ዋጋም በስሌት ውስጥ ዜሮ ይሆናል። ግራፉን የሰበረው ያ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኔም ግራፉን ለማዳን ስል ያልተለካውን ዝናብ ያልዘነበ አድርጌ አሣልኩት። ለሕዝብ በተከፈተ ሰርቨር ላይ መልእክቶቹን ከገጹ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወደ መዝገብ መሄዳቸውን ማረጋገጥና መዝገቡን ማንበብ ነበረብን። እኔ ይህን ሁለተኛውን አልነገርኩትም።

ተማሪው ስክሪፕቱን አስተካከለ። አሁን በግራፉ ላይ የነሐሴ ቦታ ባዶ ነው፤ ከሥሩም በግዕዝ ፊደል «መረጃ የለም» ተብሎ ተጽፏል።