በዘፈን አደባባይ መጠጥ ስለሚያሳልፉ ወጣቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለአንዳንዶች ከዐውደ ምሕረት የሚነገር ላይመስላቸው ይችላል። ይኸውም በታላላቅ የሙዚቃ በዓላት፥ በሜዳና በአደባባይ፥ በድንኳንና በዳስ ቆመው መጠጥ የሚያሳልፉ ወጣቶች ነገር ነው። ነገር ግን የክርስቲያን እጅ የሚደርስበት ሥራ ሁሉ የክርስቲያን ኅሊናም ሊደርስበት ይገባልና፥ ቤተ ክርስቲያን ዝም ብላ የምታልፈው አይደለም።

ብዙ ወጣቶች፥ ይልቁንም ተማሪዎች፥ በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ያገኙን እንደ ሆነ እንዲህ ሲሉ ይጠይቁናል። «አባታችን፥ በቅዳሜ ሌሊት የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ቢራና ለስላሳ እንድንሸጥ ተጠርተናል። በምናገኘው ገንዘብ ደብተርና ጫማ እንገዛለን፤ እናታችንንም በቤት ኪራይ እናግዛለን። ሥራው ኃጢአት ነውን?» ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። በአንድ ወገን የእናት ችግር አለ፤ በሌላው ወገን የነፍስ ፍርሃት አለ። «አዎን፥ ኃጢአት ነው» ብሎ መገሠጽ ለመላሹ ቀላል ነው፤ «ምንም አይደለም» ብሎ መሸኘትም እንዲሁ ቀላል ነው። ሁለቱም መልስ ግን ጠያቂውን በዚያች ሌሊት ብቻውን ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

አስቀድመን ስለ ዜማ እንናገር። ቤተ ክርስቲያናችን ዜማን የምትጠላ አይደለችም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ተነሥቶ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ዜማዎች ምስጋናን አስተምሮናል። በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ሲፈስስ፥ ዘማሪውም ሰሚውም ሳያውቁት እንደ ቆዩ በታሪኩ ተነግሯል። ዜማ የሰውን ልብ እንዲህ አድርጎ ይወስዳል። ቅዱስ ያሬድን የወሰደው ወደ ሰማይ ነው። እንግዲህ ሰው በዜማ ተመስጦ እግሩ መወጋቱን ካላወቀ፥ በዘፈን አደባባይ የቆመው ወጣት ስንተኛውን ብርጭቆ እንደ ጨረሰ እንዴት አድርጎ ያውቃል? በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያልተመሰጠ፥ እጁ እየሠራ ዓይኑ የሚያይ ማን አለ? ቢሉ፥ አሳላፊው ነው።

ስለ መጠጥም የሆነ እንደ ሆነ፥ የወይን ፍሬ የተረገመ ፍሬ አይደለም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ውኃውን ወይን አድርጎታል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ስካርን ግን ያው ሐዋርያ የእግዚአብሔርን መንግሥት ከሚያስከለክሉ ሥራዎች ጋራ ቈጥሮታል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5፥ ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 6 መሰንቆንና ወይንን በአንድነት አንሥተው ገሥጸዋል። የገሠጹትም ስለ ምን እንደ ሆነ አስተውሉ። ኢሳይያስ የእግዚአብሔርን ሥራ ስላልተመለከቱ፥ አሞጽ ደግሞ ስለ ዮሴፍ መከራ ስላላዘኑ ነው። እንግዲህ የበዓሉ ኃጢአት ወንድምን መርሳት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ጠጅ አሳላፊዎች ተነግረውልናል። አንደኛው የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ነው። ዮሴፍ በግዞት ቤት ሕልሙን ተርጉሞለት ሳለ፥ ወደ ሹመቱ በተመለሰ ጊዜ ዮሴፍን ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት በግዞት ቤት ቆየ። ሁለተኛው ነህምያ ነው። ለፋርስ ንጉሥ ጽዋ ያቀርብ ነበር፤ ጽዋው በእጁ ሳለ ግን የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን አልረሳም። ፊቱ ጠቊሮ ንጉሡ «ስለ ምን አዘንህ» እስኪለው ድረስ የወገኖቹን መከራ በልቡ ያዘ፤ ኋላም ሄዶ ቅጥሩን በ52 ቀን አሠራ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ልባቸው ግን ሁለት ነው። ስለዚህ «ሥራው ኃጢአት ነውን?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ጽዋ ማሳለፍ በራሱ የፈርዖንን አሳላፊ አያደርግም፤ ጽዋ ይዞ ወንድምን መርሳት ግን ያደርጋል።

አሁንም ወደ ቃና ዘገሊላ እንመለስ። ጌታ ውኃውን ወይን ባደረገ ጊዜ የሰርጉ አለቃ ቀመሰው እንጂ ከወዴት እንደ መጣ አላወቀም፤ ያወቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ናቸው። እነርሱ ስለ ምን ዐወቁ? ቢሉ፥ የቀዱት እነርሱ ናቸውና። አንድም፥ በማዕድ የተቀመጠ ሰው ጣዕሙን ያያል፤ ቆሞ የሚያገለግል ግን ምንጩንም መጠኑንም ያያልና። አንድም፥ ለሚሠራ ሰው ዕውቀት ስለሚሰጠው፥ ዕውቀትም የተሰጠው ሰው ስለሚጠየቅበት ነው። መጠጥ የምታሳልፉ ልጆቻችን ሆይ፥ በዚያ አደባባይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስንት ጠርሙስ እንደ ተከፈተ፥ ማን ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ፥ የማን እጅ እንደ ተንቀጠቀጠ ታያላችሁ።

በቀድሞው ዘመን በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግብር ላይ አሳላፊው ጠጁን ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አድርጎ ራሱ ይቀምስ ነበር። ይህንም ማድረጉ «ለጌታዬ የማቀርበውን እኔ አልፈራውም» ለማለት ነው። ዛሬ በመዳፍ መቅመስ ቀርቷል፤ በኅሊና መቅመስ ግን አልቀረም። ከመስጠትህ በፊት በልብህ ቅመሰው። ይህ ቀጂ የሚጠጣው የእናትህ ልጅ ቢሆን ኖሮ ትሰጠው ነበርን? ለወንድምህ የማትሰጠውን ለማታውቀው ሰው አትስጥ። ከዚህ አንድ ሥር የሚበቅሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፥ የጠጪውን ዕድሜ መመልከት ነው። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችንም በዚያው አገር ሕግ ዕድሜው 21 መሆኑን ታውቃላችሁ። ሕጉ ባይኖር እንኳ፥ ሕፃን ፊት ያለውን ልጅ «ገንዘቡን ይዟል» ብሎ ማጠጣት ክርስቲያናዊ ሥራ አይሆንም። ገንዘቡን እንጂ ልቡናውን ገና አልያዘምና።

ሁለተኛው፥ የሰከረውን ሰው አለማጠጣት ነው። ነቢዩ ዕንባቆም በምዕራፍ 2 ባልንጀራውን አጠጥቶ የሚያሰክረውንና ኀፍረቱን ለማየት የሚሻውን ወዮለት ብሎታል። ፍርዱ በሰካራሙ ብቻ ሳይሆን በአጠጪውም ላይ መነገሩን ልብ በሉ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ ጉበት አልኮልን የሚያጠፋው በዝግታ ነው። ከመቶ እጅ አምስቱ አልኮል የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ፥ ይኸውም 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው፥ ከሰውነት ለመውጣት ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል። ቡና መጠጣት፥ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፥ በነፋስ መቆም ሰውየውን ቢያነቃው እንኳ መጠጡን ከደሙ አያወጣለትም። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ሦስት አራት ጠርሙስ ወስዶ የመኪና ቊልፍ በጣቱ የሚያዞረውን ሰው ያየ አሳላፊ፥ «ጌታዬ፥ ለአሁኑ ይበቃዎታል፤ ውኃ ልስጥዎ» ቢለው፥ ያ ቃል በመንገድ ላይ ለሚሻገር ሕፃን ሕይወት ሊሆን ይችላል። ያንን ሕፃን አሳላፊው አያውቀውም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቀዋል።

ሦስተኛው፥ መስፈሪያና መልስ ነው። ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ መሆኑን መጽሐፈ ምሳሌ ይነግረናል። በጨለማ፥ በሁካታና በግፊያ መካከል ብርጭቆውን በዐረፋ ሞልቶ መስጠት፥ መልሱን ማጉደል፥ የሰከረውን ሰው ሁለት ጊዜ ማስከፈል ሁሉ ሐሰተኛ ሚዛን ነው። «ማንም አላየም» አትበል፤ መብራቱ በጠፋበት ቦታ የሚያይ አምላክ አለህና።

አራተኛው፥ ውኃ ነው። ብዙ ሰዓት በፀሐይና በግፊያ የቆመ፥ ሲዘልልና ሲያልበው የዋለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። ጌታችን በወንጌለ ማቴዎስ ምዕራፍ 10 ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ሰው ዋጋው እንደማይጠፋበት አስታውቋል። ዳሱን የሠራችሁ ባለ ገንዘቦች ሆይ፥ የቢራውን ዋጋ እንደ ወደዳችሁ ብትተምኑ፥ ለደከመና ለታመመ ሰው በነጻ የሚሰጥ አንድ ማሰሮ ውኃ ከዳሱ ጥግ አኑሩ። የውኃውን ዋጋ ግን በሰው ጥም ልክ አትጨምሩ።

አንዳንዶች ደግሞ «በዚያ የሚሰበሰበው ሁሉ የጠፋ ሕዝብ ነውና ስለ እርሱ መጨነቅ ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። እንዲህ ማለት አይገባም። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በተወለደ በ60ኛው ዓመት፥ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ለመታሰቢያው በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ በዓል እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ያ ዘፋኝ ከመሞቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ፥ በ1973 ዓ.ም.፥ በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ክርስቲያን ሆኗል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ሲቀበርም ጸሎተ ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ተፈጽሟል። እንግዲህ እግዚአብሔር የሚጠራውን ሰው ከመድረክ ላይ እንኳ ይጠራል። ደመራ በሚደመርበት በዚያ አደባባይ ብርጭቆ ይዞ በፊትህ የቆመው ሰው እግዚአብሔር ነገ የሚጠራው ሰው ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሌሊት በአንተ እጅ እንዳይሰናከል ተጠንቀቅ።

ለአሠሪዎችም አንድ ቃል አለን። ንጉሡ አርጤክስስ በግብሩ ላይ ማንም ሰው እንዲጠጣ እንዳይገደድ ማዘዙን መጽሐፈ አስቴር ይመሰክራል። አሕዛባዊ ንጉሥ ይህን ያህል ካሰበ፥ የክርስቲያን አሠሪ «ብዙ ካላስጠጣህ ደመወዝህን አታገኝም» ብሎ ወጣቱን ማስገደድ እንዴት ይችላል? የሠራተኛውንም ዋጋ ሳታሳድሩ ክፈሉ። የታገደ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮህ ሐዋርያው ያዕቆብ ነግሮናል። ይልቁንም መጠጥ ለማሳለፍ የተቀጠሩትን እኅቶቻችንን ለጠጪ ዓይን ማባበያ አታድርጓቸው፤ በሌሊትም ያለ ጠባቂና ያለ መጓጓዣ አትበትኗቸው። እናንተም ጠጪዎች ሆይ፥ ጽዋውን የምትቀበሉባት እጅ የአንዲት እናት ልጅ እጅ ናት። የገዛችሁት መጠጡን ነው፤ እርስዋን አልገዛችሁም።

አሁን ወደ ልጆቻችን ጥያቄ እንመለስና የሚያዝ መልስ እንስጥ። ለስላሳና ውኃ፥ ቡናና ሻይ የሚሸጥበት ዳስ ብታገኙ እርሱን ምረጡ። ይህ ባይገኝ፥ አስቀድማችሁ አሠሪውን ጠይቁ፤ «ዕድሜው ላልደረሰና ለሰከረ ሰው አልሰጥም ብል ትፈቅድልኛለህን?» በሉት። ቢፈቅድላችሁ ነቅታችሁ ሥሩ፤ እናንተ ራሳችሁ ከምትሸጡት እየጠጣችሁ አትሥሩ፤ የሰከረ ጠባቂ ጠባቂ አይደለምና። የቅዳሜው ሌሊት ሲነጋ እሑድ መሆኑንም አትርሱ፤ የሠራችሁበትን ጫማ ሳታወልቁ ወደ ቅዳሴው ብትደርሱ ማርያም አትጸየፋችሁም። አሠሪው ባይፈቅድላችሁ ግን ሥራውን ተዉት። የእናታችሁን ኪራይ በሌላ ሰው እናት ልቅሶ መክፈል አይገባምና። ያን ጊዜ ወደ ነፍስ አባታችሁና ወደ ሰበካ ጉባኤው ኑ፤ ችግራችሁንም ንገሩ። ምእመናንም፥ «ተው» ብላችሁ የመከራችሁትን ወጣት ባዶ እጁን አትስደዱት። የሌላውን እንጀራ ከልክሎ የራስን አለመቊረስ ምክር አይባልም። በየወሩ የጻድቃንን ጽዋ የምትጠጡ ማኅበርተኞች ከጽዋው በፊት «በሰፈራችን ደብተር ያጣ ተማሪ ማን ነው?» ብላችሁ ብትጠያየቁ፥ ጽዋችሁ በእውነት የፍቅር ጽዋ ይሆናል።

የዮሴፍን መከራ ከመርሳት ይጠብቀን፤ ለነህምያ የሰጠውን ልብ ለእኛም ይስጠን። በሌሊት የሚሠሩትን ልጆቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አገራችንን ይባርክ፥ ሕዝባችንንም ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፥ አሜን።