ጨጓራቸውን በኦፕራሲዮን ላሳነሱ ምእመናን ስለ ጾም የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በቢቸናና በሞጣ፥ በዙሪያቸውም ባሉ አጥቢያዎች ሆናችሁ ይህን ቃል የምትሰሙ የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ከስብከት ይልቅ ኑዛዜ ይመስላል፤ ስሕተቱ የራሳችን ነበርና።

በጾመ ፍልሰታ አንዲት ሴት ወደ እኛ መጣች። የቢቸና ልጅ ናት፤ ብዙ ዘመን በባሕር ማዶ ኖራ እናቷን ለመጠየቅ ገና መግባቷ ነበር። ነገሩን እንድንናገር ፈቅዳልናለች፤ ስሟን ግን አንጠራም። «አባታችን፥ ሆዱን የሚያመው ሰው እስከ ቅዳሴ መውጫ ውሃ ሳይቀምስ መቆየት ግድ ነውን?» ብላ ጠየቀችን። ፊቷን ብናይ የጤነኛ ፊት ነው። «ልጄ፥ በዚህ ጾም ሕፃናት እንኳ ይጾማሉ፤ አንቺማ እንዴት!» አልናት። ምንም ሳትመልስ እጅ ነሥታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ቅዳሴው ሳያልቅ ከሴቶች መቆሚያ ወደቀች። ወደ ቤት ወስደው ልብሷን ሲያላሉላት እናቷ በሆዷ ላይ አምስት ትንንሽ ጠባሳ አየች፤ እያንዳንዱ ከሽምብራ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ለካ ከስድስት ወር በፊት ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አሳንሳ ኖሯል። ለእናቷም አልነገረችም፤ «በጾም መክሳት ሲቻላት ሆዷን አስቀደደች» እንዳይሏት ፈርታ ነው። ከዚያም ሐኪም ቤት ገብታ በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጥቷት ተነሣች።

እኛም አፍረን፥ ይህ ኦፕራሲዮን ምን እንደ ሆነ ሐኪሞችን ጠየቅን። በአንደኛው ዓይነት ከመቶው 80 የሚያህለው የጨጓራ እጅ ተቈርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ነው። በሌላው ዓይነት ከጨጓራው ራስ የእንቍላል ያህል ክፍል ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ራሱ ደዌ ነው፤ የስኳር በሽታንና የደም ብዛትንም ይጠራል። ስለዚህ ለጌጥ የተደረገ ነው ብለን አንፍረድ። ደግሞስ ጾም ለመክሳት የተሠራ ነው ያለ ማን ነው? ለሚዛን ብሎ የሚጾም ሰው ዋጋውን ከሚዛኑ ይቀበል።

እንዲህ የሆነ ሰው በቀን አንድ ሊትር ተኩል የሚያህል ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጎነጨ ማዳረስ አለበት። ጤነኛ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ዋንጫ ጨልጦ ይረካል፤ እርሱ ግን እንዲያ ቢያደርግ ያስመልሰዋል። ቀኑን ጕሮሮውን አድርቆ ከዋለም በቀረው ሰዓት ሊያካክሰው አይችልም። በጨጓራ ቍስል ምክንያት ጨጓራቸው ለተቈረጠ ወገኖቻችንም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ይህን አላወቅንም ነበር፤ ሆኖም ባናውቅ መጠየቅ ይገባን ነበር እንጂ ፊት አይቶ መፍረድ አይገባንም ነበር።

ሕጉ ከእኛ ይልቅ ርኅሩኅ ነው። በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖና ዐቢይ ጾምን፥ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ካህን ከሹመቱ ይሽረዋል፤ የሥጋ ደዌ የከለከለውን ግን ከዚህ ፍርድ ያወጣዋል። ለካህን እንዲህ ከሆነ ለምእመንማ እንዴት አይሆንም? ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ውሃ ብቻ ከመጠጣት እንዲተውና ጥቂት ወይን እንዲጨምር መክሮታል። ይህን ቃል ለጠላና ለአረቄ ምክንያት የምታደርጉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ነገር ግን ጨጓራው ለተቀነሰ ሰው መጠጥ ቶሎ ወደ ደሙ ስለሚገባ ከሌላው ይልቅ ይጎዳዋል።

ጾም የሰዓት መከልከል አለው፤ የጥሉላትም መከልከል አለው። ሰዓቱን መጠበቅ ያልቻለ ሰው ሁሉን መጣል የለበትም። ከጧት ጀምሮ ውሃውን እየተጎነጨ፥ ጥቂት በጥቂት እየተመገበ፥ ከሥጋና ከቅቤ ርቆ ሊጾም ይችላል። ሐኪሞች በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያሻዋል ይላሉ፤ የአገራችን መሬት ምስሩን፥ ሽምብራውን፥ ባቄላውንና አተሩን አልነፈገንም። እንጀራውን አሳንሶ ሽሮውን ማብዛት ነው። አንድ ነገር ግን በእህል አይገኝም፤ ቢ 12 የሚባለው ቪታሚን ነው። በዓመት ወደ 180 ቀን የሚጾም ምእመን ጨጓራውም ከተቈረጠ ጉድለቱ ከሁለት ወገን ይመጣበታልና፥ ኪኒኑን ወይም መርፌውን በጾም ነው ብሎ አይተው። ኦፕራሲዮኑ ቅርብ ሆኖ ሐኪሙ ወተትና እንቍላል ያዘዘለት እንደ ሆነ፥ ለንስሐ አባቱ ነግሮ እንደ መድኃኒት ይቀበለው። ለመቍረብ የሚሻም የ18 ሰዓቱን ሥርዓት በገዛ ፈቃዱ አያፍርስ፥ በድፍረትም አይጀምረው፤ አስቀድሞ ከካህኑ ጋር ይምከር፤ የሕሙማን ነገር የሚታይበት መንገድ አለና።

ከጾሙ ይልቅ ፍስኩ የሚያስፈራበት ጊዜም አለ። በሞጣ በፋሲካ ማግስት ወደ አንድ ቤት ተጠርተን ሳለን፥ ይህን ኦፕራሲዮን አድርጎ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ ከጎናችን ተቀምጦ ነበር። አንድ ጕርሻ ዶሮ ወጥ በልቶ «በቃኝ» አለ። አክስቱ «በሞቴ!» አለችው፤ ጎረሰ። አጎቱ «እኔ አፈር ስሆን!» አለው፤ ደግሞ ጎረሰ። ሦስተኛው ጕርሻ ሲመጣ ላብ አጠመቀው፤ ሮጦ ወጥቶ ከጓሮ አስመለሰ። የጎጃም ሰው ፍቅሩ በእጁ ነው፤ ይህን አንነቅፍም። ግን እንግዳው «በቃኝ» ካለ በሞታችሁ አትማፀኑት። እርሱም ያለ ኀፍረት «ጨጓራዬ ትንሽ ነው» ይበል፤ የተሸሸገ ሕመም ባለቤቱንም ያበላውንም ይጎዳልና።

ያቺ የቢቸና ልጅ ሐኪሟን በስልክ ጠይቃ ቃሉን አመጣችልን፤ እኛም ሰዓቱን ትተን ጥሉላቱን ብቻ እንድትጠብቅ አዘዝናት። በቀሩት የፍልሰታ ቀናት እናቷ በነጠላዋ ሥር የውሃ ጠርሙስ ይዛ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ትቆምላት ነበር። አንዳንድ ሴቶች አይተው አጉረመረሙ። እኛም ቅዳሴው ሲያበቃ ወደዚያው ወጣንና ሁሉ እየሰማ «ጠጪ፥ ልጄ» አልናት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።