የዐይን ቆብ ሲቀላ ምን እናድርግ?

(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ከመካከላችን ጧት ሲነሣ ሽፋሽፍቱ በቅርፊት ተጣብቆ የሚያገኘው፥ ቀኑን ሙሉ ዐይኑን ሲያሽ የሚውል፥ ማታ መጽሐፍ ሲገልጥ አሸዋ እንደ ገባበት ሁሉ የሚቆረቁረው ሰው ጥቂት አይደለም። እኛም ይህን ስናይ «ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ነው»፥ ወይም «ምች መትቶት ነው» እያልን እናልፋለን። ሁለቱም ፍርድ ሕመምተኛውን አይጠቅመውም። አንደኛው ያሳፍረዋል፤ ሁለተኛው ቅጠል ጨምቆ ዐይኑ ውስጥ እንዲያንጠባጥብ ይገፋፋዋል።

ይህ ሕመም በሐኪሞች አጠራር ብሌፋራይቲስ ይባላል፤ የዐይን ቆብ ጠርዝ መቆጣት ማለት ነው። በጠርዙ ላይ ሽፋሽፍት ይበቅላል፤ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ ደግሞ የማይቦም ዕጢዎች የሚባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ተሰልፈው ይገኛሉ። ከእነርሱ የሚወጣው ቅባት እንባችን ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠብቃል። ባክቴሪያ ወይም ፎረፎር የሽፋሽፍቱን ሥር ሲያስቆጣው፥ ወይም ቅባቱ እንደ ቅቤ ረግቶ የዕጢዎቹን አፍ ሲደፍነው፥ ጠርዙ ይቀላል፥ ያሳክካል፥ ያቃጥላል።

የሕክምናው ዋና ነገር ሙቀትና ንጽሕና ነው። በመጀመሪያ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ቀጥሎም ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ነክረን፥ እንዳያቃጥል በእጅ አንጓችን ከለካነው በኋላ፥ በተጨፈነው ዐይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እናኑረው፤ ሲቀዘቅዝም እንደገና እንንከረው። የረጋ ቅቤ በሙቀት እንደሚቀልጥ ሁሉ የረጋውም ቅባት ይለሰልሳል። ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፥ የታችኛውን ወደ ላይ፥ ወደ ሽፋሽፍቱ አቅጣጫ በጣት ቀስ አድርገን እንሸው። በመጨረሻም ጥቂት ጠብታ የሕፃናት ሻምፑ በገባበት ለብ ያለ ውሃ ጥጥ አርሰን፥ ዐይናችንን እንደ ጨፈንን ቅርፊቱን ከሽፋሽፍቱ ሥር እንጥረግ። ይህ በቀን ሁለት ጊዜ፥ ለብዙ ሳምንት የሚደረግ ነው። ሕመሙ የመመላለስ ጠባይ ስላለው፥ ተሻለኝ ብሎ ጨርሶ የሚተወው ሰው መልሶ ይቀላበታል። እስኪሻል ድረስም ኩል መኳል ይቅር።

ይህ ካልበቃ፥ ሐኪም እንደ ቴትራሳይክሊን ያለ ቅባት ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን ከጓደኛ የተረፈ ጠብታ መዋዋስ አደገኛ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ያስደስታል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ግን የዐይንን ውስጣዊ ግፊት ከፍ አድርጎ ብርሃን እስከ መንሣት ይደርሳል። በቆቡ ላይ ብጉንጅ ቢወጣም በሙቅ ጨርቅ ይታሽ እንጂ አይፈንዳ።

አንዳንድ ምልክት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ቆቡ በሙሉ አብጦ ትኩሳት ከመጣ፥ ዐይን ሲንቀሳቀስ ካመመ፥ ወደ ውጭ ከገፋ፥ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፥ ወይም ማየት ከደከመ፥ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የቀላ ቆብ ሁሉ ብሌፋራይቲስ አይደለም። በአገራችን ትራኮማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በሽታው በእጅ፥ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛውን ቆብ ውስጥ ያጠቁራል ሳይሆን ያጠባስለዋል፤ ጠባሳውም ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም የዐይንን ብሌን እየፋቀ ያሳውራል። እናቶቻችን ፀጉሩን በወረንጦ ሲነቅሉ አይተናል። መንቀሉ ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ የታጠፈውን ቆብ አያቃናም፤ ፀጉሩም ተመልሶ ይበቅላል። የሚያቃናው አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ ይህንንም የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ ሳይቀር ይሠሩታል።

ሊጠፋ የሚችል በሽታ መሆኑንም እናውቃለን፤ ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች ቀድማ ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንዳበቃ ተመስክሮላታል። መንገዱም ቀዶ ሕክምና፥ አዚትሮማይሲን፥ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና ነው።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ሁለት ነገር እናድርግ። የሕፃናቱ ፊት በየቀኑ እንዲታጠብ እናስረዳ፤ ወረንጦ የያዘች እናት ወይም አያት ስናገኝም ምክር ብቻ ሰጥተን አንለፍ፥ እጇን ይዘን እስከ ጤና ጣቢያው እናድርሳት። የተማርነው ለፈተና ብቻ ከሆነ ዐይናችን አይቶ ምን ጠቀመ?